«በቃ» የሚለው ማን ነው? ጉበት፣ ፕሮቲኖችና ካንሰር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ዓመት በግቢያችን ደም የመለገስ ፕሮግራም ነበር። ከዶርማችን አራት ሆነን ሄድን፤ ሰጥተን ተመለስን። ከሳምንታት በኋላ ከአራታችን አንዱ ተጠርቶ በደሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንደተገኘ ተነገረው። ምንም የሚያመው ነገር አልነበረም። ኳስ ይጫወታል፤ ለፈጅር ቀድሞ ተነስቶ እኛን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተወ። ኩባያውንም ለየ። እኛም «ተው እንጂ፣ ና አብረን እንብላ» ለማለት ዘገየን። እውነቱን ለመናገር ፈርተን ነበር፤ የፈራነው ነገር ምን እንደሆነ ግን አናውቅም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ መዘግየት ቀዷ ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ስለ ቫይረሱ ማንበብ ስጀምር ወደ ጉበት ካንሰር ወሰደኝ፤ የጉበት ካንሰር ደግሞ በሕዋሳችን ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ እየተያያዙ እድገትን እንዴት እንደሚመሩ አሳየኝ። ያነበብኩት በክፍል ከምንማረው የቁጥጥር ሥርዓት ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሳይንስ ክፍል ያልሆናችሁም እንድትከተሉት ቀለል አድርጌ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ።

ልኩን የሚያውቅ አካል

የአዋቂ ሰው ጉበት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከሌሎች የውስጥ አካላት የሚለየው አንድ ባሕርይ አለው፤ ተቆርጦ ሲወሰድበት መልሶ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው ሲያወጡ የቀረው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ እንደሚመለስ አሳዩ። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ከጉበቱ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ለታመመ ወገኑ መስጠት የሚችለው በዚህ ባሕርይ ምክንያት ነው። የሰጪውም የተቀባዩም በወራት ውስጥ ያድጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጉበት ሲቆረጥ ማደግ ይጀምራል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያቆማል። ሆድን ሞልቶ አይፈስም። ታዲያ «በቃ» ያለው ማን ነው?

በመስጂድ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ እናስታውስ። ለዉዱእ ውኃ ስንጠቀም ደረጃው ይወርዳል፤ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስም አብሮ ይወርድና ቧንቧውን ይከፍታል። ውኃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይላል፤ ከኳሱ ጋር የተያያዘው ዘንግ ቧንቧውን ይዘጋል። ውጤቱ ራሱ ተመልሶ መነሻውን ይገታል ማለት ነው። እኛ ክፍል ይህን «ፊድባክ» እንለዋለን። አሁን ኳሱ ከዘንጉ ተላቀቀ እንበል። ቧንቧውም ውኃውም ደህና ናቸው፤ የተጨመረ ነገር የለም። ውኃው ግን ጣሪያውን አልፎ ይፈሳል። ካንሰርን በዚህ መልክ ማሰብ ይረዳናል፤ ሰውነታችን ለጥቅም የያዘው የማደግ ችሎታ «በቃ» ከሚለው ክፍል ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው።

ፕሮቲን ከፕሮቲን ጋር ሲያያዝ

በሕዋስ ውስጥ ኳስም ዘንግም የለም፤ ይህን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተቀጠለ ሰንሰለት ሲሆን፣ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹ ከሌላ ፕሮቲን ቅርጽ ጋር ከገጠመ ይያያዛሉ፤ ካልገጠመ ይተላለፋሉ።

ሕዋስ ይህን መያያዝ የሚቆጣጠርበት ቀላል መንገድ አለው። በፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ምልክት ይለጥፋል። ምልክቷ ስትለጠፍ የማይገጥመው ይገጥማል፤ ወይም የሚገጥመው ይላቀቃል። ምልክቷ ስትነሳ ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ሕዋሱ «እደግ»፣ «ቁም»፣ «ራስህን አስወግድ» የሚሉ ትእዛዞችን ያስተላልፋል።

የሂፖ ሰንሰለት

ስለ ጉበት መጠን ብዙ ያስተማረን የፕሮቲን ሰንሰለት «ሂፖ» ይባላል። ስሙ ጉማሬ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጥሮ የመጣ ነው። ተመራማሪዎች በፍሬ ዝንብ ላይ ይህን ዘረመል ሲያበላሹት የዝንቧ ጭንቅላት ከልክ በላይ ስላደገ እንዲህ ብለው ሰየሙት።

ሰንሰለቱ በጉበት ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ይሠራል። ሕዋሳት በዝተው ሲጨናነቁና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነካኩ ኤም ኤስ ቲ የተባለው ፕሮቲን ላትስ የተባለውን ያነቃዋል። ላትስ ደግሞ ያፕ የተባለውን ፕሮቲን ይይዝና ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ዋናዋ ምልክት የምታርፈው በ127ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ይህች ምልክት ስትኖር 14-3-3 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይመጣና ያፕን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ስሙ የሚገርም ቢሆንም በላብራቶሪ ሲለይ ከተሰጠው ቁጥር የመጣ ነው። የተያዘው ያፕ ከኒውክሊየሱ ውጭ ይቀራል፤ ብዙውም ፈርሶ ይወገዳል።

ጉበት ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ይላላል። ያፕ ምልክቱን ያጣል፤ 14-3-3 ይለቀዋል፤ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ይሁን እንጂ ያፕ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ዲኤንኤን የሚይዝበት እጅ የለውም። ቲድ የተባለው ፕሮቲን ግን ዲኤንኤውን ይይዛል፤ ያለ ያፕ ግን እምብዛም ትእዛዝ አያስተላልፍም። አንዱ ትእዛዝ ይዟል፣ ሌላው ቁልፍ ይዟል። ሁለቱ ሲገናኙ የእድገት ዘረመሎች ይከፈታሉ፣ ሕዋሱም ይከፈላል። ጉበቱ ሲሞላ ሕዋሳቱ እንደገና ይነካካሉ፣ ላትስ ይነቃል፣ ያፕ ይታሰራል። በሮቶው ምሳሌ መጨናነቁ የውኃው ከፍታ ነው፤ ላትስ ዘንጉ፣ ያፕ ደግሞ ቧንቧው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአይጥ ጥናት ይህን በዓይን አሳየ። ተመራማሪዎቹ በአይጥ ጉበት ውስጥ ያፕ ከልክ በላይ እንዲመረት ሲያደርጉ፣ በተለምዶ ከአይጧ ክብደት 5 በመቶ ያህል የሆነው ጉበት በሳምንታት ውስጥ ወደ 25 በመቶ ደረሰ። ያፕን መልሰው ሲያጠፉት ጉበቱ ቀነሰ። ለረጅም ጊዜ ክፍት ሲተዉት ግን እጢ አበቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኤም ኤስ ቲን ከአይጥ ጉበት ያስወገዱ ተመራማሪዎች የጉበት ካንሰር አገኙ። ኳሱን ከዘንጉ የማላቀቅ ያህል ነው።

ሌሎቹ ማቆሚያዎች

ሂፖ ብቻውን አይደለም። ሁለት ሌሎችን እንጨምር።

አንደኛው ቤታ ካቴኒን ነው። ይህ ፕሮቲን ሁለት ሥራ አለው፤ ከሕዋሱ ዳር ላይ ሆኖ ሕዋስን ከጎረቤቱ ጋር ያያይዛል፤ ወደ ኒውክሊየስ ሲገባ ደግሞ የእድገት ዘረመሎችን ይከፍታል። እንዳይበዛ የሚጠብቀው የፕሮቲኖች ቡድን አለ። አክሲንና ኤፒሲ የተባሉት ይይዙታል፤ ሌሎች ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ ምልክት የተደረገበት ወደ ሕዋሱ የፕሮቲን ማፍረሻ ይላካል። ከጉበት ካንሰሮች ሲሶ በሚሆኑት ውስጥ የቤታ ካቴኒን ዘረመል ተለውጦ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚያርፈው ምልክቷ በምትለጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ያዡ አለ፣ ለጣፊው አለ፤ የሚለጠፍበት ቦታ ግን ጠፍቷል። ቤታ ካቴኒን ይከማቻል።

ሁለተኛው ፒ53 ነው። የሕዋሱ ዲኤንኤ ሲጎዳ «አትከፈል፣ መጀመሪያ ጠግን» የሚለው እሱ ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በደህና ጊዜ ኤምዲኤም2 የተባለ ፕሮቲን ይይዘውና እንዲፈርስ ያደርገዋል። የሚገርመው ኤምዲኤም2 እንዲመረት የሚያዘው ራሱ ፒ53 መሆኑ ነው። ይህም ሌላ ፊድባክ ነው።

ፒ53 የሚሠራው አራት ሆኖ ተያይዞ ነው። ከአራቱ አንዳንዶቹ የተበላሹ ከሆኑ ደህናዎቹንም ይዘው ይወድቃሉ። በዚህ ላይ የጉበት ካንሰር የራሱ አሻራ አለው። በሻጋታ ምክንያት በበቆሎ፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚፈጠር አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ከቻይናዋ ቺዶንግ ሌላው ከደቡባዊ አፍሪካ በመጡ ናሙናዎች ላይ ሠርተው፣ አፍላቶክሲን በሚበዛባቸው አካባቢዎች የጉበት ካንሰር ታማሚዎች ፒ53 ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ፣ በ249ኛው አሚኖ አሲድ ላይ እንደሚለወጥ አገኙ። በምግብ ላይ የበቀለ ሻጋታ በአንድ ፕሮቲን ላይ አንዲት ፊደል ለወጠ እንደማለት ነው።

ቫይረሱ በየት በኩል ይገባል?

አሁን ወደ ጓደኛችን ጉዳይ እንመለስ። የጉበት ካንሰር በዓለም ላይ በዓመት ከ750,000 በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በታይዋን ከ22,000 በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ200 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ።

ቫይረሱም የሚሠራው በመያያዝ ነው። የጉበት ሕዋስ በላዩ ላይ የሐሞት ጨውን ከደም የሚያስገባ ኤንቲሲፒ የተባለ ፕሮቲን አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤጂንግ ውስጥ የሚገኝ የምርምር ቡድን ቫይረሱ በላዩ ባለው ፕሮቲን ይህንኑ በር ይዞ እንደሚገባ አሳየ። ከሌሎች አካላት መርጦ ጉበትን የሚያጠቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከገባ በኋላ ኤችቢኤክስ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ያመርታል። በሕዋሳችን ውስጥ ኤስ ኤም ሲ 5/6 የተባለ ቡድን የቫይረሱን ዲኤንኤ ይይዝና ዝም ያሰኘዋል። ኤችቢኤክስ ምን ያደርጋል? ዲዲቢ1 የተባለውን የሕዋሳችንን ፕሮቲን ይይዝና፣ የሕዋሳችንን የማፍረሻ ሥርዓት በጠባቂው በኤስ ኤም ሲ 5/6 ላይ ያዞረዋል። ሌባ የቤቱን ውሻ በባለቤቱ እጅ እንዳስገደለ ቁጠሩት። ይህ ቡድን ክሮሞዞሞቻችንንም የሚጠብቅ ስለሆነ ጉዳቱ በቫይረሱ መለቀቅ ብቻ አያበቃም።

የቀረውን ጊዜ ይሠራዋል። ሰውነት ቫይረሱን ለማጥፋት ሲታገል የጉበት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ሌሎች ተከፍለው ይተካሉ። ይህ ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም በእያንዳንዱ መከፈል ላይ ስህተት ይጠራቀማል። አንዱ ስህተት ቤታ ካቴኒንን፣ ሌላው ፒ53ን ይነካል። ጉበት ቶሎ ስለማይጮኽ ሰውዬው ደህና መስሎ ይኖራል። ሕመም ሲሰማው ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ሰንሰለቱን የት ብንቆርጠው ይቀላል?

መድኃኒት ፈላጊዎች ዛሬ የሚሞክሩት እነዚህን መያያዞች መቁረጥ ነው። ያፕና ቲድ እንዳይገናኙ የሚያደርጉ ውህዶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ናቸው። ሥራው ከባድ ነው፤ ሁለት ፕሮቲኖች የሚገናኙበት ገጽ ሰፊና ዝርግ ስለሚሆን ትንሽ መድኃኒት የምትሸጎጥበት ጉድጓድ አይገኝም።

የተሳካም አለ። ለገፋ የጉበት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈቀደው ሶራፌኒብ የሚባል ክኒን አማካይ ዕድሜን ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉ ሁለት መርፌዎች በአንድነት ተፈቀዱ። የመጀመሪያው የካንሰር ሕዋስ የመከላከያ ሕዋሳችንን እጅ ይዞ «ተወኝ» የሚልበትን መያያዝ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው እጢው አዲስ የደም ሥር የሚጠራበትን መልእክት ይይዛል። በጥናቱ አንድ ዓመት የቆዩት ታማሚዎች 67.2 በመቶ ነበሩ፤ በሶራፌኒብ 54.6 በመቶ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም የምናወራው ስለ ወራት ነው።

አሁን ከሰንሰለቱ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እንሂድ፤ ቫይረሱ በሩን ወደሚይዝበት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የቫይረሱን የላይኛ ፕሮቲን ብቻ የያዘ ነው፤ በውስጡ ቫይረስ የለም። ሰውነታችን ያንን ፕሮቲን አይቶ ፀረ እንግዳ አካላት ያዘጋጃል። እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ እነዚህ ቀድመው ይሸፍኑታል፤ በሩን መያዝ አይችልም። አንድ መያያዝ ሲከለከል ከኋላው ያለው ሁሉ ይቀራል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን በሀገር ደረጃ መከተብ ጀመረች። ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በዓመት ከ100,000 ልጅ 0.70 የነበረው የጉበት ካንሰር ከ1990 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ወደ 0.36 ወረደ። ክትባት ካንሰርን ሊከላከል እንደሚችል በሕዝብ ደረጃ ያሳየ ነበር።

ወደ ዶርማችን ስንመለስ

በሀገራችን ይህ ክትባት ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የተወለድንበትን ዓመት እናስብ። ይህን ከምናነብ ተማሪዎች ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም ማለት ነው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ልብ እንበል።

1. እንመርመር። በደም ናሙና የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው። ነፃ ከሆንን እንከተብ፤ ለአዋቂ የተለመደው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። አንዱን ወስዶ መተው የተለመደ ስህተታችን ነው።

2. ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የሕክምና ክትትል ይጀምር። ሁሉም ወዲያው መድኃኒት አይፈልግም፤ ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው። ቴኖፎቪርን የመሰሉ መድኃኒቶች ቫይረሱን ያዳክማሉ፤ የካንሰርንም ዕድል ይቀንሳሉ።

3. መተላለፊያውን እንወቅ። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ ጎን ለጎን በመስገድ አይተላለፍም።

4. ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሒጃማ የምናደርግ ከሆነ ምላጩ በፊታችን የሚከፈት አዲስ ይሁን፤ ዋንጫውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍ። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና መፋቂያ አንዋዋስ። እህቶችም በጆሮ መበሻ መርፌ ላይ እንዲሁ።

5. ለኒካህ የምንዘጋጅ ምርመራውን አብረን እናድርግ። የአንዱ ውጤት ቫይረሱን ቢያሳይ ሌላው መከተብ ይችላል፤ ለጋብቻው መፍረስ ምክንያት አይደለም።

6. «እኔ አልጠጣም፣ ጉበቴ ደህና ነው» አንበል። አልኮል አንዱ በር ብቻ ነው። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ለውዝ እንጣለው፤ በተለመደው ማብሰል አፍላቶክሲን አይጠፋም። ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታም ጉበትን ይጎዳሉ።

ጓደኛችን አሁን ክትትል ላይ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። እኛ ሦስታችን ክትባቱን ጀመርን፤ ሦስተኛውን ያለፈው ወር ጨረስን። የዚያን ቀን ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ኩባያውን ከመደርደሪያው አንስቼ ከእኛዎቹ ጋር ደባለቅሁት። አየኝና ምንም አላለም። ማታ ላይ ትሪው ሲቀርብ ግን ሳይጠራ መጥቶ ተቀመጠ።

ለሐለቃ መወያያ

ሀ. ያፕ ከቲድ ጋር ካልተገናኘ ለምን እድገትን ማዘዝ አይችልም?
ለ. የቤታ ካቴኒን ምልክት መለጠፊያ ቦታ ሲጠፋና 14-3-3 ያፕን ሲለቀው የሚመሳሰሉት በምን ነው?
ሐ. በዶርማችን ውስጥ በማወቅ ማነስ ያገለልነው ሰው አለ?

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።